አሳጠረ ማለት ገባው ማለት አይደለም

ለስምንተኛ ክፍል ስለ ባሕር ዛፍ የሚያትት ምንባብ ሰጥቼ «አሳጥራችሁ ጻፉ» አልኩ። ጎበዝ ከሚባሉት አንዷ ያመጣችው ወረቀት እስካሁን ይከነክነኛል። ጽሕፈቷ ያምራል፤ የፊደል ግድፈት የለም፤ ርዝመቱም የታዘዘው አንድ ሦስተኛ ነው። የየአንቀጹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ለቅማ ደርድራዋለች፦ ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ገባ፣ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር አቃለለ፣ ቶሎ ያድጋል፣ ለገበሬው ገቢ ያስገኛል። ጸሐፊው ግን ይህን ሁሉ የዘረዘረው በየአንቀጹ መሐል «ይሁን እንጂ» ብሎ ሊገለብጠው ነው። ምንባቡ ከምንጭና ከማሳ ዳር አትትከሉ ይላል፤ የልጅቷ ጽሑፍ ትከሉ ይላል።

ወረቀቱን ያየ ባልደረባዬ «ከአሥር ዘጠኝ ይገባታል» አለ። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ማሳጠርን የመቀስ ሥራ አደረግነውና መስመር እየቆጠርን ማርክ እንሰጣለን። በምርጫ ጥያቄም ያው ነው። ተማሪው አስቀድሞ ጥያቄውን ያነባል፣ ጥያቄው ውስጥ ያለችውን ቃል ከምንባቡ ያድናል፣ ከጎኗ ያለውን ያከብባል። መልሱ ልክ ይሆናል። ምንባቡ ስለምንድን ነው ስትለው ግን ርዕሱን ያነብልሃል።

በአማርኛ ደግሞ ይብሳል። ማሰሪያ ግሡ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ «ምንም እንኳ» ብሎ የጀመረ ዓረፍተ ነገር ዋናውን ነገር የሚናገረው ኋላ ነው። ከፊቱ የቆረጠ ልጅ የሚይዘው ጸሐፊው ሊያልፈው የጠቀሰውን ነው።

የቀድሞ የቤተ ክህነት መምህራን ይህን አይስቱትም ነበር። ንባብ ቤትና ትርጓሜ ቤት ለየቅል ናቸው፤ ዳዊት የደገመ ሁሉ ምሥጢሩን ያውቃል ያለ የለም።

እኔ አንብበው ሲጨርሱ መጽሐፉን አስዘጋለሁ። «ጸሐፊው ምን እንድናደርግ ፈለገ? ለምን?» ብዬ ጥያቄውን አብረው የተቀመጡት እንዲወያዩበት እተወዋለሁ። ከዚያ በራሳቸው ቃል ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ። መጽሐፉ የሚከፈተው ያልተስማሙበትን ለማየት ብቻ ነው።

«ስልሳ ተማሪ ማን ያርማል?» ይሉኛል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ማረም ገጽ ሙሉ ግልባጭ ከማረም ይቀላል። «ይህ ሚኒስትሪ ፈተና ላይ አይመጣም» የሚሉትን ግን ማስረዳት ሰልችቶኛል። የኅብረተሰብ ፈተናም እኮ ንባብ ነው። «ያልሆነው የቱ ነው?» የሚለውን «የሆነው» ብሎ ያለፈ ልጅ፣ ትምህርቱን አብጠርጥሮ ቢያውቅም ይስታል።