ጋዜጣ በመማሪያ ክፍል

ጋዜጣን ለማስተማሪያነት መጠቀም ማለት ለሰፊው አንባቢ የታተመን ጋዜጣ ከመማሪያ መጽሐፍ ጎን ለጎን ክፍል ውስጥ አስገብቶ ቋንቋ፣ ሒሳብ፣ ታሪክና የዜግነት ትምህርት ማስተማር ነው። ትልቁ ጥቅሙ የሚመነጨው ለተማሪ ተብሎ ያልተጻፈ ከመሆኑ ነው። የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅ የተማሪውን ዕድሜና የቃላት አቅም እያሰበ ይጽፋል፤ ጋዜጠኛ ግን ለጎልማሳ አንባቢ፣ በጥድፊያ፣ ብዙ ጊዜም ነገሩ ገና ሳይቋጭ ይጽፋል። ተማሪው ከትምህርት ቤት ሲወጣ የሚገጥመው እንዲህ ያለ ጽሑፍ ስለሆነ፣ መምህሩ አጠገቡ እያለ ቢለማመደው ይሻላል።

ሐሳቡ ቆየት ያለ ነው። ዛሬ ሜይን በምትባለው የአሜሪካ ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማ ይታተም የነበረው ኢስተርን ሄራልድ ጋዜጣ ለትምህርት ቤት ስላለው ፋይዳ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1795 ነበር። በፈረንሳይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው ክሌሚ የተባለ ተቋም መምህራንን በዚህ ዘዴ ያሠለጥናል፤ በየዓመቱም በትምህርት ቤቶች የፕሬስ ሳምንት ያዘጋጃል።

በቋንቋ ክፍለ ጊዜ ሥራው የሚጀመረው በአጭር ዜና ነው። ተማሪዎች ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምንና እንዴት ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ ከጽሑፉ ያወጣሉ። ዜና ሲጻፍ ዋናው ጉዳይ አናት ላይ ተቀምጦ ዝርዝሩ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ መምህሩ አንቀጾቹን ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ እያስቆረጠ፣ የቀረው ክፍል ብቻውን ትርጉም የሚሰጠው እስከ የት እንደሆነ ይጠይቃል። ተማሪው በዚህ መንገድ ማሳጠርን በእጁ ይማራል።

ሒሳብም ከማስታወቂያ ገጾች ይወጣል። የጨረታ ማስከበሪያ በመቶኛ፣ የውጭ ምንዛሪ ሰንጠረዥ፣ የቤት ሽያጭ መነሻ ዋጋ ሁሉ የተዘጋጁ መልመጃዎች ናቸው። አዲስ ዘመንና ኢትዮጵያን ሄራልድ አንድ አሳታሚ ቢኖራቸውም የመጀመሪያው ቀኑን በኢትዮጵያ፣ ሁለተኛው በአውሮፓ አቆጣጠር ይጽፋል፤ የዓመቱ ልዩነት አንድ ጊዜ 7፣ ሌላ ጊዜ 8 የሚሆንበትን ምክንያት ለማስረዳት ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል።

ከሁሉ የላቀው ሥራ ግን ንጽጽር ነው። ስለ አንድ ጉዳይ የመንግሥት የሆነው አዲስ ዘመንና የግል የሆነው ሪፖርተር የጻፉት አብሮ ይነበባል። መጀመሪያ የተነሳው ነጥብ የትኛው ነው? የማን ቃል ተጠቀሰ? ሊጠየቅ ሲገባው ያልተጠየቀው ማን ነው? በአንዱ ጋዜጣ ባለሥልጣኑ «ገለጹ» ሲባል በሌላው «አመኑ» ከተባለ፣ ሁለተኛው ግስ ጥፋት እንደነበረ ቀድሞ ፈርዷል። ቀጥሎ ዜናው ከርዕሰ አንቀጹ ጋር ይነጻጸራል፤ የሆነው ነገርና ጋዜጣው ስለሆነው ነገር የያዘው አቋም በተለያየ ቀለም ይሰመርባቸዋል። ይህን ሥራ ሳይሠራ ትምህርቱን የጨረሰ ተማሪ፣ የታተመ ሁሉ እውነት ይመስለዋል፤ ወይም ደግሞ የትኛውንም ጽሑፍ አያምንም። ሁለቱም ጉዳት ነው።

የቆየ ጋዜጣ ለታሪክ ትምህርት ይጠቅማል። ከግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ጀምሮ የታተመው አዲስ ዘመን በቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣ አንድ እትም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ከወረዱ በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. ከወጣ ሌላ እትም ጋር ሲቀመጥ፣ በአንድ ስም የሚጠራ ጋዜጣ ቋንቋው እንዴት እንደተለወጠ ተማሪው ራሱ ያያል።

መምህሩ ግን እትሙን ቀድሞ ማንበብ አለበት። የአደጋና የወንጀል ዜና ለትንንሽ ልጆች አይመጥንም፤ በአካባቢው የሚገኝ ቤተሰብን የሚነካ ጉዳይም በክፍል ውስጥ ሕፃን ሊያሳፍር ይችላል። ለሁሉም ተማሪ የሚበቃ ቅጂ አለመኖሩ ሥራውን አያግደውም፤ ገጾቹ ተነጣጥለው ለየቡድኑ ይታደላሉ።

ከንባብ ቀጥሎ ራስን አዘጋጅ ማድረግ ይመጣል። ፈረንሳዊው መምህር ሴሌስታን ፍሬኔ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሳንባው ስለተጎዳ ክፍል ውስጥ ብዙ መናገር ይከብደው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ባር ሱር ሉ በተባለች የደቡብ ፈረንሳይ መንደር ትንሽ ማተሚያ አስገብቶ ልጆቹ የጻፉትን ራሳቸው ፊደል እየለቀሙ እንዲያትሙ አደረገ። ጽሑፋቸውንም በብሪታኒ ከሚገኝ ትምህርት ቤት ጋር ይለዋወጡ ነበር፤ የሚያነባቸው እውነተኛ ሰው ስላገኙ ጽሑፋቸውን የሚያርሙበት ምክንያት ኖራቸው። ማተሚያ በሌለበት ትምህርት ቤት ይህንኑ ሥራ በእጅ የተጻፈ የግድግዳ ጋዜጣ ይሠራል፤ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ያሉ የሚኒ ሚዲያ ክበባትም በሰልፍ ሰዓት የሚያነቡትን ዜና በዚሁ መንገድ ማዘጋጀት ይችላሉ።