በጀጎል ግንብ ውስጥ

አንባቢ ሆይ! ሐረርን አይቶ የተመለሰ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያወራው ስለ ጅቦቿ ነው። እኛ ግን ጅቡን ለማታ አቆይተን በቀን ብርሃን በበሩ እንግባ።

ሐረሪዎች ከተማቸውን በቋንቋቸው «ጌይ» ይሏታል፤ ትርጓሜውም «ከተማ» ማለት ነው። ሌላ ከተማ በዓለም የሌለ ያህል መሆኑ ነው! ግንቡ በ16ኛው መቶ ዘመን በአሚር ኑር ጊዜ የተሠራ ሲሆን፣ ጥንታውያኑ በሮች ሸዋ በር፣ ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሳንጋ በርና ቡዳ በር ይባላሉ። ከ50 ሔክታር በሚያንሰው በዚህ ስፍራ 82 መስጊዶች ተቈጥረው፣ በ1998 ዓ.ም. ከዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

ከፈረስ መጋላ ብዙ ሳይርቁ መኪና ግርግር የተባለውን መንገድ ያገኛሉ። ስሙን የሰጠው አውቶሞቢል አይደለም፤ የስፌት መኪናው ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድረው ሲያንቀጫቅጩ፣ ገዢው ጨርቁን ከአጠገቡ ሱቅ ገዝቶ፣ ተለክቶ፣ እዚያው ቆሞ ይጠብቃል። እንግዳ ሰው ግን እዚህ የሚያያቸውን ባለ ደማቅ ቀሚስ ሴቶች ሳያስፈቅድ ፎቶግራፍ ባያነሣ መልካም ነው።

የሐረሪ ቤት ከውጭ ሲታይ ድንጋይና አንድ በር ብቻ ነው፤ ውበቱ በውስጥ ነው። ከፍታቸው የተለያየ አምስት መደቦች አሉበት፤ ነደባ ይባላሉ። ሰው እንደ ማዕረጉና እንደ ዕድሜው ይቀመጥባቸዋልና፣ የገባ ሰው የት እንደሚቀመጥ ሳይነገረው ማወቅ አለበት። ግድግዳውን ሴቶች በእጃቸው የሰፉት ሰፌድና ሙዳይ ይሸፍነዋል። መደቡ ቀይ የሚቀባው በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ሲሉ የሚናገሩ አሉ።

ይህ ቤት ዛሬ ያሰጋል። የእንጨቱ በር በብረት ይለወጣል፤ የድንጋዩ ግድግዳ በሲሚንቶ ይለሰናል። ባለቤቱን ግን ለመውቀስ አልደፍርም፤ ቅርስ ነው የምንለው እርሱ ልጆቹን የሚያሳድግበት ቤት ነውና። ለጥንቱ አሠራር የሚወጣውን ገንዘብና የሚያውቀውን ግንበኛ ሳናገኝለት «አትንካው» ብቻ ብንለው፣ ቤቱን በቃል ጠብቀን በግብር እናጣዋለን።

አሁን መሽቷል። ከግንቡ ውጭ ለጅብ ሥጋ በእንጨት እየሰኩ፣ ደፋሮቹም በአፋቸው ይዘው ያጎርሳሉ። ይህ ለእንግዳ የሚታየው ነው፤ ከዚህ የሚቀድመው በአሹራ ለጅቦች የሚቀርበው ገንፎ ነው፤ አበላላቸውን አይተው የዘመኑን ጠባይ ይገምቱበታል። እንዲያውም ከግንቡ ሥር ዝቅ ብለው የተከፈቱ ቀዳዳዎች አሉ፤ የዝናቡ ውኃ ይወጣባቸዋል፣ ጅቡም ይገባባቸዋል። ሌሊት እየዞረ የተጣለውን አጥንትና ትርፍራፊ ይበላል። በጠባቡም መንገድ ከሰው ጋር የተገናኘ እንደ ሆነ፣ ነዋሪው ወደ ግድግዳው ጥቂት ጠጋ ብሎ ያሳልፈዋል።