ለማን ይሰጥ፣ እንዴትስ ይሰጥ? የማኅበራዊ ፖሊሲ ትምህርት

ለታማሚ የሚሆን ደም ከየት ይምጣ? በገንዘብ ይገዛ፣ ዘመድ ይተካ ወይስ የማይተዋወቁ ሰዎች በነጻ ይለግሱ? የለንደኑ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ቲትመስ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው «ዘ ጊፍት ሪሌሽንሺፕ» በተሰኘ መጽሐፉ የእንግሊዝን የነጻ ልገሳና የአሜሪካን የደም ገበያ ጎን ለጎን አድርጎ መረመረ። ገንዘብ ሲገባበት ችግረኛው ሕመሙን ደብቆ ደሙን ወደ መሸጥ ይገፋል፤ በደም የሚተላለፍ የጉበት በሽታም ይበዛል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለማያውቁት ሰው የመስጠት ልማድ ይዳከማል ሲል ተከራከረ። የኢኮኖሚክስ ሊቁ ኬኔት አሮው በበኩሉ የደም ሽያጭ መኖሩ የነጻ ለጋሹን ፈቃድ የሚቀንሰው በምን ምክንያት ነው ብሎ ሞገተው። በአገራችንም ለረጅም ጊዜ የታማሚ ቤተሰብ ደም እንዲተካ ይጠየቅ ነበር፤ ወደ በጎ ፈቃድ ለጋሾች የተዞረው ኋላ ነው።

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ዋና ሥራው ያደረገ የትምህርት ዘርፍ ማኅበራዊ ፖሊሲ ይባላል። ጤናው፣ ትምህርቱ፣ ቤቱ፣ ጡረታው፣ ለድሃ የሚሰጠው ድጎማ ማን ዘንድ ይደርሳል፣ ወጪውንስ ማን ይሸፍናል ብሎ ይመረምራል።

ከዘርፉ አንጋፋ ቤቶች አንዱ በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት፣ በአጭሩ ኤል.ኤስ.ኢ.፣ የሚገኘው ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ሲቋቋም ሕንዳዊው ባለሀብት ራታን ታታ ድህነት እንዲጠና የሰጠው ገንዘብ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ከመጀመሪያዎቹ መምህራን አንዱ ክሌመንት አትሊ ነበር፤ በለንደን ምሥራቅ ድሃ ሰፈሮች ውስጥ የሠራ፣ ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነ፣ በዘመኑም እ.ኤ.አ. በ1948 ለሁሉም በነጻ የሚሰጠው የጤና አገልግሎት የተጀመረለት ሰው ነው። ቲትመስ ደግሞ በለጋ ዕድሜው ትምህርት አቋርጦ በኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ ለዓመታት የሠራ፣ ዲግሪ የሚባል ያልነበረው ሰው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1950 የዚሁ ክፍል ፕሮፌሰር ሆነ። እኔ የዚህን ዘርፍ ጠባይ ከሁሉ ይበልጥ ያሳየኛል የምለው ይህ ታሪክ ነው፤ በመዝገብና በቁጥር መካከል የኖረ ሰው በቁጥሩ ውስጥ ሰው ማየት ይችላል።

በእንግሊዝ የማስተርስ ትምህርቱ በሙሉ ጊዜ አንድ ዓመት ይፈጃል። ተማሪው ንድፈ ሐሳብ ያነባል፤ ስታቲስቲክስና የቃለ መጠይቅ ጥናት ዘዴ ይማራል፤ የሚመርጠውን ዘርፍ ይይዛል፤ መጨረሻ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ያቀርባል። ንባቡ ብዙ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ተደጋግሞ የሚነሳው ክርክር ግን ይህ ነው፦ ድጎማ ለሁሉም ይሰጥ ወይስ ለድሃ ብቻ? ለድሃ ብቻ ይሁን የሚለው ሐሳብ መጀመሪያ ሲሰሙት ፍትሐዊ ነው። ያለው ገንዘብ ትንሽ ከሆነ የባሰበት ይቅደም። ነገር ግን ድሃውን ለመለየት መስፈርት ያስፈልጋል፤ መስፈርት ባለበት ደግሞ ሁለት ስህተት አይቀርም፤ የማይገባው ይገባል፣ የሚገባው ይቀራል። ከዚህ ሌላ ሀፍረት አለ። በጎረቤት ፊት ድሃ ነኝ ብሎ መመስከር የከበደው ሰው የሚገባውን ሳይወስድ ይቀራል። ቲትመስ አጥብቆ የተሟገተው ይህንን ነው፤ ለሁሉም የተዘረጋ አገልግሎት ማንንም አያዋርድም፤ ተጨማሪ እርዳታ የሚያስፈልገውም በዚያ ላይ ቢጨመርለት ክብሩ አይነካም።

ይህ ክርክር ለኢትዮጵያ ተማሪ ሩቅ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር ሴፍቲኔት ፕሮግራም መሥራት የሚችለውን በማኅበረሰብ ሥራ እያሳተፈ ጥሬ ገንዘብ ወይም እህል ይከፍላል፤ አረጋውያንን፣ አካል ጉዳተኞችንና መሰሎቻቸውን ግን ያለ ሥራ ይደግፋል። ተጠቃሚውን የሚመርጡት በአካባቢው ያሉ ኮሚቴዎች ናቸው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የጎረቤቱን ኑሮ ከጎረቤቱ በላይ የሚያውቅ የለም። ይሁን እንጂ ዘመድ የሌለው፣ በቅርቡ ወደ ቀበሌው የመጣ፣ በስብሰባ የማይናገር ሰው ስሙን ማን ያነሳለታል? ለመመረቂያ ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ማግኘት ከባድ ነው፤ መልሱም ለአገሩ ይጠቅማል።

በአገር ውስጥም ተቀራራቢው ዘርፍ፣ ማኅበራዊ ሥራ፣ በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ይሰጥ የነበረ ሲሆን፣ በደርግ ዘመን ተቋርጦ እ.ኤ.አ. በ2004 በማስተርስ ደረጃ ዳግም ተጀምሯል። ወደ እንግሊዝ መሄድ የሚፈልግ ደግሞ የቼቭኒንግ ስኮላርሺፕን ቢያይ መልካም ነው፤ ሙሉ ወጪ ይሸፍናል፤ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ተመራቂውም ለሁለት ዓመት ወደ አገሩ እንዲመለስ ያስገድዳል። በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ በትምህርት ቤት ወይም በእርዳታ ድርጅት የሠራ ሰው እዚያ ክፍል ሲገባ ከመጽሐፉ በፊት ያየው ነገር አለና፣ ማመልከቻው ላይ ሊጽፍ የሚገባው ያንን ያየውን ነው፦ የትኛው ደንብ ማንን እንዳስቀረ፣ የትኛው ቅጽ ማንን ደጅ እንዳስጠና።