ተጨማሪ መረጃ፦ ስቴሮይድና የተተከለ የዓይን ብሌን

የዓይን ብሌን ወይም ኮርኒያ የደም ሥር ስለሌለው የሰውነት መከላከያ ሴሎች በቀላሉ አይደርሱበትም። ዶክተር ኤድዋርድ ዚርም በ1905 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የተሳካ የብሌን ንቅለ ተከላ ያካሄደው ያለ ስቴሮይድ ነበር፤ ዕድልም ሳይረዳው አልቀረም። ምክንያቱም ነጭ የደም ሴሎች ብሌኑ ባዕድ መሆኑን ከለዩ በተለይ የውስጠኛውን ገጽ ሴሎች ያጠቃሉ። የእነዚህ የውስጠኛው ገጽ ሴሎች ሥራ ውሃ እየመጠጡ ብሌኑን ጥርት አድርጎ ማቆየት ነው፤ አንዴ ከሞቱ አይተኩም፤ ብሌኑም አብጦ ይደፈርሳል። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ የስቴሮይድ ጠብታ አጥቂዎቹን የሚጠሩትን ኬሚካላዊ መልእክቶች ያፍናል። መጀመሪያ በቀን ደጋግሞ ይጨመራል፤ ከዚያ በወራት ውስጥ ይቀነሳል። ታዲያ የዓይን ግፊትን ሊጨምርና የዓይን ሞራ ሊያስከትል ስለሚችል ክትትል ይሻል። ዓይኑ የቀላ፣ ብርሃን ያስቸገረው ወይም እይታው የደበዘዘበት ታካሚ ይህ የጥቃቱ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ሐኪም ማየት አለበት።