ባክሆ ሎደር እንዴት እንደ ተለወጠና ባለ ንብረቶቹ ስለ ለውጡ ያላቸው አስተያየት



ከፊቱ ሰፊ አካፋ፣ ከኋላው ደግሞ እንደ ሰው ክንድ የሚታጠፍና የሚዘረጋ መቆፈሪያ ያለው ባለ ጎማ መኪና ባክሆ ሎደር ይባላል። በኋላው የውሃ ቦይ ይቆፍራል፤ በፊቱ አፈሩን ይመልሳል፣ አሸዋና ድንጋይም ይጭናል። አንዱ መኪና የሁለቱን ሥራ ስለሚሠራ፣ እንደ ኢንጅባራና እንደ ዳንግላ ላሉት በማደግ ላይ ለሚገኙ ከተሞች የተመቸ ነው። ከእናንተም መካከል በግዥ ወይም በጨረታ ኮሚቴ ተቀምጦ የሕዝብ ገንዘብ በእንዲህ ያለ መኪና ላይ እንዲወጣ የሚፈርም አይጠፋምና፣ የመኪናውን ጠባይ ማወቅ ይገባል።

የመኪናው ታሪክ ሩቅ አይደለም። በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ሃይድሮሊክ በሚባለው የዘይት ግፊት የሚሠራ መቆፈሪያ በእርሻ ትራክተር ኋላ ተገጠመ። በ1953 በእንግሊዝ አገር የጄሲቢ ኩባንያ በፎርድሰን ሜጀር ትራክተር ላይ አካፋውን ከፊት፣ መቆፈሪያውን ከኋላ አድርጎ አቀረበ። በ1957 ደግሞ የአሜሪካው ኬዝ ኩባንያ 320 የተባለውን ሞዴል ከመጀመሪያው አንድ አካል አድርጎ በፋብሪካው ሠራ። ለእርሻ የተሠራ ትራክተር የቁፋሮውን ኃይል እንዲሸከም አልታሰበም ነበርና፣ ይህ ለውጥ ታላቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከመጡት ለውጦች ለአዊ አገር ዋና ዋናዎቹን ብቻ እናንሣ።

አንደኛው የሞተሩ አተነፋፈስ ነው። ኢንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ይበልጣል፤ ዳንግላም ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። በ2,500 ሜትር ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ከአምስት እጅ አንዱን እጅ ያህል ይሳሳል። ሞተር ደግሞ ናፍታውን የሚያቃጥለው በአየር ስለ ሆነ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በደጋ ላይ ኃይሉ ይቀንሳል፣ ጭሱም ይጠቁራል። ቱርቦ አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ጉድለቱን በብዙ ይሸፍናል። እንግዲህ በወረቀት ላይ የተጻፈውን የፈረስ ጉልበት ብቻ አይቶ መግዛት ያሳስታል።

ሁለተኛው አራቱም ጎማ በሞተር መነዳቱ ነው። ለረጅም ወራት ዝናብ በሚጥልበት፣ ቀይ አፈሩም በሚያዳልጥበት አገር፣ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ መኪና በራሱ ክንድ ራሱን ከጭቃ ሲጎትት ይውላል።

ሦስተኛው የክንዱ አቀማመጥ ነው። በአሜሪካ የተለመደው ክንድ በመካከል ተተክሎ የሚዞር ሲሆን፣ እግሮቹ ወደ ጎን ተዘርግተው መኪናውን አጽንተው ይይዙታል። በአውሮፓ የተለመደው ደግሞ ክንዱ በብረት ሐዲድ ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ በአጥርና በግድግዳ ሥር ለመቆፈር ይቀናል፣ በጠባብ መንገድም ቦታ አይሻማም። ነገር ግን ሐዲዱ ጭቃ ሲነክሰው ስለሚበላ፣ ዕለት ዕለት መጠረግ አለበት።

አራተኛው የሚረዝመው ክንድ ነው። ተራው ክንድ ከ4 ሜትር ጥቂት የሚያልፍ ጥልቀት ሲቆፍር፣ የሚረዝመው ከ5 ሜትር በላይ ይወርዳል። ይሁን እንጂ 1 ሜትር ለሚጠልቅ የውሃ መስመር ይህ ትርፍ ወጪ ነው። ጥልቀትም አደጋን ይጨምራል፤ ከ1.5 ሜትር በላይ በሚጠልቅ ቦይ ግድግዳው ሳይደገፍ ሰው ማስገባት፣ በተለይ በክረምት፣ ነፍስን ለናዳ አሳልፎ መስጠት ነው።

አምስተኛውና ብዙ ክርክር ያስነሣው፣ የኤሌክትሪክ አእምሮ ያለው ሞተር ነው። ናፍታውን መጥኖ ስለሚረጭ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ጭሱንም ያነጻል። ነገር ግን ጭስ ማጣሪያ የተገጠመላቸው ዓይነቶች እጅግ ጥቂት ድኝ ያለበትን ናፍታ ይሻሉ፤ በአውሮፓ የተወሰነው ከሚሊዮን እጅ 10 እጅ ብቻ ነው። ንጹሕ ያልሆነ ናፍታ ማጣሪያውን ያበላሸዋል።

በዚህ ምክንያት በየአገሩ ያሉ ባለ ንብረቶች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን «መካኒክ በመፍቻ የሚፈታውን፣ ፔርኖውንና ቡሹን ቶርኒ ቤት የሚያወጣውን የቀድሞውን መኪና ስጡኝ» ይላል። ሁለተኛው ወገን «አዲሱ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ኦፕሬተሩንም አያደክምም፣ ጋቢናው ሲገለበጥ ሰው ያድናል» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ለምሳሌ ያህል አዲሱ መኪና በሰዓት 1 ሊትር ቢቆጥብ፣ በ1,000 ሰዓት 1,000 ሊትር ያተርፋል። ነገር ግን አንድ መለዋወጫ እስኪመጣ 20 ቀን ቢቆም፣ በቀን 8 ሰዓት ሲታሰብ 160 የሥራ ሰዓት ይጠፋል። በዚያም መካከል የተከፈተው ቦይ ውሃ ይሞላል፣ ይናዳል፤ ውሃ የሚጠብቀውም ሕዝብ እንስራውን ተሸክሞ ወደ ምንጭ ይመለሳል።

ይህ ትምህርት ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ብድር አግኝታ የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ሲቋቋም፣ መኪና ማስገባት ብቻውን መንገድ እንደማያወጣ ታውቆ ነበር። ስለዚህ ኦፕሬተርና መካኒክ ማሠልጠን የሥራው አንድ ክፍል ሆነ።

እንግዲህ ከመግዛት በፊት የሚከተሉትን መጠየቅ ይበጃል። ሥራው ምን ያህል ጥልቀትና ስፋት ይፈልጋል? ሞተሩ ለደጋ ይስማማልን? የሚፈልገው ናፍታ በአካባቢው ይገኛልን? ፊልትሮው፣ የዘይት ቱቦውና ጎሚኒው በስንት ቀን ይደርሳል? በኤሌክትሪክ አእምሮው ላይ ብልሽት ሲመጣ የሚመረምረው መካኒክ ከየት ይመጣል? ግራሶ በየቀኑ የሚቀባውና በደብተር የሚመዘግበው ሰውስ ማን ነው? ለእነዚህ በጽሑፍ መልስ ያላቀረበ ሻጭ ዋጋው ቢረክስም ርካሽ አይደለም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ በክረምት መካከል ቆሞ የሚዝግ የሕዝብ ንብረት ግን አይለቀምምና፣ ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት እንድትመረምሩ እናሳስባለን።