ስለ ማገዶ ቍጠባና አገርን ስለሚጠብቁ የዕለት ልማዶች

አገር የሚጐዳው በጦርነት፣ በድርቅ ወይም በጐርፍ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን በዝግታና ያለ ድምፅ የሚመጣ ሌላ ጥፋት አለ፤ ይኸውም እያንዳንዱ ቤት በየቀኑ ከሚያነድደው፣ ከሚያፈስሰውና ከሚጥለው የሚጠራቀም ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሲያደርገው የማይታወቅ ነገር፣ መቶ ሺሕ ሰው በየቀኑ ሲያደርገው ተራራ ያራቍታል፣ ወንዝም ያደፈርሳል። የሚጠቅመውም ሥራ ቢሆን የሚጠራቀመው በዚሁ መንገድ ነው። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን የተዘረጋው የእንጦጦ ተራራ፣ በምሥራቅም በኩል ወደ የካና ወደ የካ አባዶ የሚወርደው ኰረብታ በቂ ምስክር ነው።

የእንጦጦ ታሪክ የሚያስተምረን

ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓ.ም. ከእንጦጦ ላይ ሰፍረው ነበር። በ1879 ዓ.ም. ከተማው ወደ ፍል ውኃ ወርዶ አዲስ አበባ ከተባለ በኋላ ሕዝቡ እየበዛ ሄደ። ለቤት ሥራ፣ ለአጥር፣ ከሁሉም ይልቅ ለምድጃ የሚያስፈልገው እንጨት ከአካባቢው ይቈረጥ ነበርና ብዙ ዓመት ሳይቈይ ኰረብታው ተራቈተ፤ ማገዶም ከሩቅ መምጣት ጀመረ። ችግሩ እጅግ ስለ ጸና፣ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ንጉሠ ነገሥቱ ዋናውን ከተማ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። እንግዲህ ልብ እንበል፤ አንድን ዋና ከተማ ከቦታው ሊያስነሣ የደረሰው የጠላት ጦር አይደለም፤ የየቤቱ ምድጃ ነው።

ከተማው በቦታው እንዲጸና ከረዱት ነገሮች አንዱ ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ የተፈጥሮ አገሩ አውስትራልያ ሲሆን ወደ እኛ የመጣው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ቢቈረጥም ከጕቶው እንደ ገና ያቈጠቍጣል፤ ከብትም አይበላውም። ስለዚህ ባሕር ዛፍን ፈጽሞ መጥላት ውለታን መርሳት ይሆናል። ሆኖም ብዙ ውኃ የሚጠጣ ዛፍ ስለ ሆነ ከምንጭ አጠገብ ሊተከል አይገባውም። ደግሞም የወደቀው ቅጠሉ ለማገዶ ተጠርጎ ሲወሰድ መሬቱ ዕራቍቱን ይቀራል፤ በክረምትም ጐርፉ አፈሩን ጠርጎ ይወርዳል።

ይህ ጕዳት ደግሞ የተራራው ብቻ አይደለም። የእንጦጦ ራስ የሁለት ታላላቅ ወንዞች ውኃ የሚለያይበት ቦታ ነው፤ በሰሜን የሚወርደው በሙገር አድርጎ ወደ ዓባይ፣ በደቡብ የሚወርደው በአቃቂ አድርጎ ወደ አዋሽ ይገባል። በተራራው ላይ የሚቈረጠው ዛፍና የሚታጠበው አፈር በሩቅ ያለውን ገበሬ ሁሉ ይነካዋል።

በዘመናችን ተራራውን እንደ ገና ለማልበስ ብዙ ሥራ ተጀምሯል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቋል፤ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያም የእንጦጦ ፓርክ ተመረቀ። ነገር ግን ችግኝ መትከል የሥራው እኩሌታ ነው፤ ሁለተኛው እኩሌታ በየቤቱ አለ። ምድጃው ካልታረመ የተተከለው ዛፍ ተመልሶ ወደ እሳት ይሄዳልና።

ሸክሙን የምትሸከመው ማን ናት?

ከእንጦጦና ከየካ ኰረብታዎች ብዙ ሴቶች ጭራሮና ቅጠል አስረው፣ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ሸክም በጀርባቸው አዝለው ወደ ከተማ ሲወርዱ ኖረዋል። እነዚህን ሴቶች የደን አጥፊዎች ብሎ መስደብ ትክክለኛ ፍርድ አይደለም። እነርሱ የሚሸከሙት እኛ የምናነድደውን ነው፤ የሚያነድድ ባይኖር የሚሸከም አይኖርም። ከእነርሱም መካከል በማኅበር ተደራጅተው ሸክሙን በመተው ሽመና የያዙ አሉ፤ ሌላ እንጀራ ለሚያጣ ሰው ግን ክልከላ ብቻውን መፍትሔ አይሆነውም። ስለዚህ የምድጃ ቍጠባ ዛፉን ብቻ ሳይሆን የእናቶችንና የእኅቶችን ጀርባ የሚያሳርፍ ሥራ ነው።

ከዚህም ሌላ የጢሱ ነገር አለ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገመተው፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. በቤት ውስጥ ከሚነድ እሳት በሚወጣ ጢስ ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ይህ ጢስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው ከምድጃው አጠገብ የምትውለውን እናትና ያዘለችውን ሕፃን ነው።

የምድጃ ልማዶች

1ኛ፤ ሦስት ጕልቻ ጥሎ ማንደድ ከአባቶቻችን የወረስነው ነው፤ ነገር ግን እሳቱ በጐን እየወጣ፣ ነፋስም እየወሰደው፣ የሙቀቱ ብዙ ክፍል ምጣዱን ሳይነካ ይጠፋል። ለእንጀራ መጋገሪያ «ምርጥ» የተባለው ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው ምድጃ እሳቱን ከቦ ስለሚይዝ ማገዶውን እስከ እኩሌታ ሊቀንሰው ይችላል። ለድስት «ትክክል»፣ ለከሰል «ላቀች» የተባሉ ምድጃዎች አሉ። ይህን መግዛት ያልቻለ ሰው ጕልቻውን ከነፋስ በሚከልል የጭቃ ግድግዳ ቢከብበው ያው ማገዶ የተሻለ ሥራ ይሠራለታል።

2ኛ፤ እርጥብ እንጨት አለማንደድ። የእርጥብ እንጨት እሳት አስቀድሞ በውስጡ ያለውን ውኃ ለማድረቅ ይደክማል፤ የሚተርፈውም ጢስ ነው። እንጨት ተፈልጦ፣ ከዝናብ ተጠልሎ ከደረቀ በኋላ ቢነድድ በጥቂቱ ብዙ ይሠራል።

3ኛ፤ ድስትን መክደን፤ ባቄላና ሽምብራንም ከመቀቀሉ በፊት ሌሊቱን በውኃ ዘፍዝፎ ማሳደር። ይህ ልማድ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም።

4ኛ፤ እንጀራን በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር ይልቅ ለብዙ ቀን የሚበቃውን በአንድ ጊዜ መጋገር። ምጣዱን ለማጋል የሚነድደው ማገዶ ለ5 እንጀራም ሆነ ለ30 እንጀራ ያው አንድ ነውና። ይህ ምክር በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ገብተው በኤሌክትሪክ ምጣድ ለሚጋግሩት ቤተ ሰቦችም ይሠራል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ በቤት ውስጥ ካሉ ዕቃዎች ሁሉ ይልቅ ብዙ ኀይል የሚወስድ ነው። የመጨረሻው እንጀራ ሳይወጣ መብራቱን አጥፍቶ በቀረው ግለት መጨረስ ይቻላል።

5ኛ፤ ከሰልን ማብዛት አይገባም። በአፈር ተቀብሮ በሚከሰልበት በተለመደው መንገድ ከ10 ኪሎ ደረቅ እንጨት የሚገኘው ከሰል ከ1 እስከ 2 ኪሎ ብቻ ነው። ከሰል የያዘ ሰው ብዙ ዛፍ በጥቂት ከረጢት እንደ ያዘ ይወቅ። ደግሞም በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አንድዶ መተኛት ሰው ይገድላል።

6ኛ፤ ኩበትን ለእሳት ሳይሆን ለእርሻ ማዋል። ኩበት የሚያነድድ ገበሬ የነገውን ሰብሉን ዛሬ ያነድዳል። ማገዶ እስኪገኝ ድረስ ይህ ሊቸግረው ይችላል፤ ስለዚህ በእርሻው ዳር ለማገዶ የሚሆን ዛፍ አስቀድሞ ይትከል።

ስለ ቆሻሻና ስለ ፌስታል

ቀድሞ ከየቤቱ የሚወጣው ጥራጊ አመድ፣ ገለባና ልጣጭ ስለ ነበረ ወደ መሬት ተመልሶ መሬት ይሆን ነበር። ዛሬ ግን ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ተጨመረበት። ፌስታል በአፈር ውስጥ እጅግ ረዥም ዘመን ሳይበሰብስ ይቈያል፤ ከብት ይውጠውና ይሞታል፤ ቦይ ይደፍንና ጐርፉን ወደ ቤት ይመልሳል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ዐዋጅ ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊሜትር የማይበልጡትን ፌስታሎች ለመከልከል የታሰበ ነበር፤ ነገር ግን የሕዝቡ እጅ ካልተለወጠ ሕግ ብቻውን አይበቃም። ወደ ገበያ ሲሄዱ ዘንቢል፣ ለመንገድ ስንቅም አገልግል መያዝ የአባቶቻችን ልማድ ነው፤ የሚያስፈልገው ወደ እርሱ መመለስ ነው።

የሚጣለው ሁሉ አንድ ቦታ እንደሚጠራቀምም እናስታውስ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ በተባለው ቦታ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች አለቁ። እነዚህን ሰዎች የቀበራቸው ክምር ከየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ የወጣ ነበር። የሚበሰብሰውን ከማይበሰብሰው ለይቶ፣ ልጣጩንና ቅጠሉን ከአመድና ከአዛባ ጋራ በጕድጓድ ማብላላት ክምሩን ይቀንሳል፤ ለጓሮ አትክልትም ማዳበሪያ ይሰጣል።

ልማድን በትምህርት ቤትና በመንደር መትከል

ልማድ በምክር ብቻ አይተከልም። ሁሉን በአንድ ቀን ልለውጥ የሚል ሰው በሳምንቱ ይደክማል። ይልቁንስ አንድ ነገር ብቻ መርጦ፣ ቀድሞ ከለመደው ሥራ ጋራ አያይዞ ቢጀምር ይጸናለታል፤ ለምሳሌ ማታ እሳት ሲዳፈን የነገውን ባቄላ መዘፍዘፍ። ያ ከተለመደ በኋላ ሁለተኛው ይጨመርበት።

መምህራን ሆይ፤ ይህን በሒሳብ ትምህርት ልታስተምሩት ትችላላችሁ። ተማሪዎች በቤታቸው በአንድ ሳምንት የሚነድደውን እንጨት ይመዝኑ፤ በሁለተኛውም ሳምንት ድስት እየተከደነ፣ ደረቅ እንጨት እየተመረጠ ይመዝኑና ልዩነቱን በጥቍር ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። ሆኖም የድኻ ልጅ እንዳያፍር የቤት ስም አይጻፍ። መቶ ቤት ባለበት መንደር እያንዳንዱ ቤት በቀን 1 ኪሎ ብቻ ቢቈጥብ በዓመት 36,500 ኪሎ ይሆናል፤ ይህም ባለ 30 ኪሎ ሸክም ከ1,200 በላይ ማለት ነው።

የአገር ሽማግሎች ሆይ፤ ቃላችሁ በዕድርና በማኅበር ይሰማል። አባቶች በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ውስጥ ጥዱንና ወይራውን ያቈዩት በየዕለቱ እጃቸውን በመሰብሰብ ነው። ያንኑ ደንብ ለመንደሩ ምንጭ ብትዘረጉለት፣ በምንጩ ዙሪያ ዛፍ እንዳይቈረጥ፣ በባሕር ዛፍም ፈንታ አገር በቀል ዛፍ እንዲተከል ብታደርጉ፣ የልጅ ልጆቻችሁ ውኃ ያገኛሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ ለአንድ ቤት ከባድ የሚመስለው ሥራ በመንደር ሲካፈሉት ቀላል ይሆናል።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. አዲስ ዓለም ዋና ከተማ ልትሆን የታሰበችው በምን ምክንያት ነበር?
2. የባሕር ዛፍ ጥቅሙ ምንድን ነው? ከምንጭ አጠገብ የማይተከለውስ ስለ ምን ነው?
3. እርጥብ እንጨት ማገዶ የሚያባክነው እንዴት ነው?
4. በመንደራችሁ ስንት ቤት አለ? እያንዳንዱ ቤት በቀን 1 ኪሎ እንጨት ቢቈጥብ በዓመት ስንት ሸክም ይቀንሳል?
5. ከዛሬ ጀምሮ በቤታችሁ የምትጀምሩት አንድ ልማድ የትኛው ነው?