የአንድ ዳዶ ጥብቀት፦ የተሽከርካሪ ገጣጣሚና ተቆጣጣሪ ሥራ በፊዚክስ ዓይን

በተሽከርካሪ መገጣጠሚያ ፋብሪካ ውስጥ ከሚከናወኑት ተግባራት መካከል ዳዶ ማጥበቅን ያህል ተራ የሚመስል ሥራ የለም። ይሁን እንጂ በሚገባ የጠበቀና በከፊል ብቻ የጠበቀ ዳዶ ለዓይን ፍጹም ተመሳሳይ ናቸው። ልዩነታቸው የሚገለጠው ምናልባት ቁልቁለት ላይ፣ ጎማው ከመኪናው ተለይቶ ሲሄድ ነው። ታዲያ ገጣጣሚው በትክክል ማጥበቁን፣ ተቆጣጣሪውም በዓይን የማይታየውን ነገር ማረጋገጡን በምን ያውቃሉ? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከፊዚክስ አኳያ እንመለከታለን።

ብሎን እንደ ሞላ

ብዙዎች የመኪናውን ክብደት በቀጥታ የሚሸከሙት የጎማው ብሎኖች ይመስሏቸዋል። እውነታው ግን ከዚህ ይለያል። ዳዶው በተጠመዘዘ ቁጥር ብሎኑ ልክ እንደ ሞላ በጥቂቱ ይለጠጣል። ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ለመመለስ በሚያደርገው ግፊትም ቸርኬውን ከሚታሰርበት የብረት ገጽ ጋር አጥብቆ ያጣብቀዋል። ጭነቱን በዋናነት የሚሸከመው በሁለቱ ገጾች መካከል የሚፈጠረው ሰበቃ ነው። ውጥረቱ ከቀነሰ ቸርኬው መንሸራተት ይጀምራል፤ ብሎኖቹም ጎማው በዞረ ቁጥር በጥቂቱ ይታጠፋሉ። ሽቦ ደጋግመን ስናጥፈውና ስናቃናው እንደሚሰበር ሁሉ፣ ብሎኑም በስተመጨረሻ በድካም ይበጠሳል።

መሣሪያው የሚለካውና የማይለካው

ገጣጣሚው የሚጠቀምበት ቶርክ ሬንች የተባለው መፍቻ የሚለካው የመጠምዘዝ ኃይልን፣ ማለትም ቶርክን ነው። እኛ የምንፈልገው ግን የብሎኑን ውጥረት ነው። በተለመደ ሁኔታ ከምናሳርፈው ቶርክ 90 በመቶ ያህሉ በዳዶው ግርጌና በጥርሶቹ መካከል ያለውን ሰበቃ ለማሸነፍ ይውላል፤ ብሎኑን ለመለጠጥ የሚተርፈው 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

የሁለቱ ግንኙነት በግምት በሚከተለው ቀመር ይገለጻል፦ ቶርክ = ኬ × የብሎኑ ዲያሜትር × ውጥረት። እዚህ ላይ «ኬ» የሰበቃውን ሁኔታ የሚወክል ቁጥር ነው። ዲያሜትሩ 12 ሚሊ ሜትር የሆነን ብሎን በ100 ኒውተን ሜትር ብናጠብቅና ኬ 0.20 ቢሆን፣ ውጥረቱ 41,700 ኒውተን ያህል ይሆናል። ይህም ከአራት ቶን በላይ ክብደት ማለት ነው። አሁን ጥርሱ ዘይት ቢነካውና ኬ ወደ 0.15 ቢወርድስ? መፍቻው ያንኑ 100 ቁጥር ያሳያል፤ ውጥረቱ ግን ወደ 55,600 ኒውተን ያሻቅባል። በተቃራኒው ጥርሱ ከዛገ ሰበቃው ይጨምርና ዳዶው የጠበቀ መስሎ ልል ይሆናል።

ስለዚህ ገጣጣሚው ቁጥሩን ከማንበቡ በፊት የጥርሱን ንጽሕና ያያል፤ ያልታዘዘ ዘይት አይቀባም። ቸርኬው በአንድ ወገን እንዳይዘነበልም ዳዶዎቹን በተቃራኒ አቅጣጫ እያፈራረቀ ያጠብቃል። ከዚያም በዳዶውና በብሎኑ ላይ አንድ ቀጥ ያለ የቀለም መስመር ሊያሰምር ይችላል። መስመሩ ተሰብሮ ከተገኘ ተቆጣጣሪው ዳዶው መዞሩን ወዲያውኑ ይረዳል።

ተቆጣጣሪ ብቻውን ለምን አይበቃም?

አንድ ተሽከርካሪ 1,000 ብሎኖች አሉት እንበል። ገጣጣሚዎቹ ከ1,000 ብሎን 999ኙን በትክክል ቢያጠብቁ ውጤቱ እጅግ ያማረ ይመስላል። ዳሩ ግን አንድ ተሽከርካሪ ምንም እንከን ሳይኖርበት የመውጣት ዕድሉ 0.999 በራሱ 1,000 ጊዜ ተባዝቶ የሚገኘው ነው፤ ይኸውም 37 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ተቆጣጣሪው ከ10 እንከኖች ዘጠኙን ቢይዝ እንኳ፣ ከ10 ተሽከርካሪዎች አንዱ ያህል ከነጉድለቱ ይወጣል።

የሥራው ታሪክም ይህንኑ ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1913 የፎርድ ኩባንያ በሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካው ተንቀሳቃሽ የመገጣጠሚያ መስመር ሲዘረጋ፣ ቀደም ሲል ከ12 ሰዓት በላይ ይወስድ የነበረው የአንድ ሻሲ ግጥጠማ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 93 ደቂቃ ወረደ። ፍጥነቱ ከፍ ሲል ግን ያልታየ ስሕተት ከሠራተኛ ወደ ሠራተኛ መሸጋገሩ አይቀርም። ለዚህ ችግር አንዱ መልስ ከሽመና ተገኘ። ጃፓናዊው ፈልሳፊ ሳኪቺ ቶዮዳ እ.ኤ.አ. በ1924 ያጠናቀቀው የሽመና መኪና ክር ሲበጠስ ወዲያውኑ ራሱን ያቆም ነበር። ይህ ሐሳብ በኋላ ወደ ቶዮታ የመኪና ፋብሪካዎች ተሸጋገረ፤ ማንኛውም ገጣጣሚ ጉድለት ሲያይ ገመድ ስቦ እርዳታ መጥራት፣ ችግሩ ካልተፈታም መስመሩን ማስቆም እንዲችል ተደረገ። የአገራችን ሸማኔም የተበጠሰውን ክር ሳይቀጥል ሥራውን አይገፋም።

ዛሬ የእያንዳንዱን ብሎን ቶርክና የዙር መጠን የሚመዘግቡ የኤሌክትሪክ ማጥበቂያዎች አሉ። የቶርኩና የዙሩ መጠን ካልተጣጣሙ መሣሪያው ያስጠነቅቃል። ነገር ግን ጥርሱ መዛጉን ወይም ቸርኬው ሥር አሸዋ መግባቱን ቀድሞ የሚያየው አሁንም ገጣጣሚው ነው። በአገራችን ከውጭ የመጡ ክፍሎችን የሚገጣጥሙ ፋብሪካዎች እንዳሉ ይታወቃል። ክፍሎቹ ባሕርና የብስ አቋርጠው የሚመጡ እንደመሆናቸው፣ የእርጥበትና የዝገት ጉዳይ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

በፊዚክስ ክፍል ስለ ሰበቃና ስለ ሞላ የምንማረው ትምህርት እንግዲህ በፈተና ወረቀት ላይ የሚቀር አይደለም። የአንድ አውቶቡስ ተሳፋሪዎች ሕይወት፣ አንድ ሠራተኛ «ይህ ዳዶ አላማረኝም» ብሎ መስመሩን በማስቆሙ ላይ የሚንጠለጠልበት ጊዜ አለ።